የእትዬ ቅቤ

ቢቸና ላይ ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እኔም መምህር ስለሆንሁ ሁለት ወር ሙሉ ቤት እውላለሁ። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይጀምርና እስኪመሽ አያባራም። ያን ጊዜ የሰው ሐሳብ ሁሉ እራት ነው። እኛ ሴቶች ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ነበረን፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለን ዘመዳሞችና ጓደኛሞች የክረምት እራታችንን ፎቶ እያነሳን የምንለጥፍበት። ኔትወርክ የጠፋ ሳምንት ፎቶው ይጠራቀምና ሲመለስ ባንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ድንች ወጥ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ መሃሉ ቅቤ የሞላ ገንፎ። ከዚያ ጨዋታው ይደራል። አንዷ "ሽሮሽ ቀጥኗል" ትላለች፤ ሌላዋ "እንዲህ የቀላው በርበሬው ነው ወይስ ካሜራው?" ብላ ትጠይቃለች፤ ጎመን ከሥጋ ጋር ይቀቀል ወይስ ለብቻው የሚል ክርክር ሦስት ቀን ይቆያል።

ያን ጨዋታ እወደው ነበር። ዛሬ ሳስበው አፌ በምራቅ ይሞላል፤ ሊያስመልስ ሲል የሚመጣው ዓይነት ምራቅ።

የግሩፑ አለቃ፣ ማንም ባይሾማቸውም፣ የባሌ ታላቅ እህት ነበሩ። የሚኖሩት ሞጣ ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ባሌን ያሳደጉት፣ ያስተማሩትና የዳሩት እሳቸው ናቸው። ባሌ "እትዬ" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። እሳቸው ደግሞ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ቢሆነንም "ሙሽሪት" ነው የሚሉኝ። እሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

እትዬ በቅቤያቸው የታወቁ ናቸው። እሳቸው ያነጠሩት ቅቤ የገባበት ሽሮ እንኳ ሥጋ ሥጋ ይላል ይባላል። ሴቶቹ "ምን ቢጨምሩበት ነው?" እያሉ ይለምኗቸዋል። "እጅ ነው" ይላሉ እትዬ፤ ሌላ ምስጢር አይወጣቸውም።

ባለፈው ሐምሌ፣ የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ፣ እትዬ ግሩፑ ላይ በድምፃቸው እንዲህ አሉ፦ "ፎቶ ማየት ሰለቸኝ። ለእሑድ ኑና እውነተኛውን እራት ብሉ።" ከቢቸና የተነሳነው ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራ ጎረቤቴና ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ። ነርሷ ከደቡብ ተመድባ የመጣች ናት። ባሏ ሩቅ አገር ይሠራል፤ እሷ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። እኔ ለማገዝ ብዬ ቅዳሜ ቀድሜያቸው ሞጣ ገባሁ።

እትዬ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ አገኘኋቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለጋው ቅቤ እንደ ድንጋይ ስለደረቀ እንዲላላ ብለው ማሰሮውን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠውት አድሯል። እሳቱ ሲጠፋ ቅቤው ተመልሶ ረግቷል። "ሙሽሪት፣ ነይ እስቲ ቅቤውን ወደ ድስት ገልብጪልኝ፤ አነጥረዋለሁ" አሉኝ።

የማሰሮው አፍ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ ጨርቁ ግን ባንድ ወገን ገብ ብሏል። ገለጥሁት። ከቅቤው ላይ አንድ ቀጭን ነገር ብቅ ብሎ አየሁ። የኮሰረት ዘንግ መስሎኝ በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብሁት። ከበደኝ። ትንሽ ሲወጣ እግሮቹን አየሁ፤ ከዚያ ቅቤ የለበሰው ፀጉር ተከተለ። ለቀቅሁትና ወደ በሩ ሮጥሁ። ዝናቡ ላይ ቆሜ ጣቶቼን በቀሚሴ እፈትጋለሁ፤ ቅቤ ደግሞ በውኃ አይለቅም።

"ምን ሆንሽ?" አሉ እትዬ።

"አይጥ! እትዬ፣ አይጥ ገብቶበታል!"

መጥተው አጎንብሰው አዩ። ከዚያ እጃቸውን ከተው በጅራቱ አወጡት። ሲወጣ የመምጠጥ ድምፅ አሰማ። ሆዱ ተነፍቷል። ሲሞት የሸናው ይሁን ሌላ፣ የተኛበት ጎድጓዳ ውስጥ ቢጫ ውኃ አቁሯል። እትዬ አይጡን በመስኮት ወረወሩት፤ በጭልፋ ያንን ውኃና ዙሪያውን ጠርገው ለውሻው ደፉለት፤ የቀረውን ድስቱ ላይ ገለበጡት።

"እትዬ፣ ሊያነጥሩት ነው?"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ቅቤ ልደፋው? እሳት ላይ የሚወጣ ነገር እኮ ነው።"

እናቴ አይጥ የገባበት ዕቃ ጠበል ሳይረጭበት አትነካም ነበር። ይህን ፈራ ተባ እያልሁ አነሳሁ። "የነፍስ አባትዎን ብንጠይቃቸውስ?" አልሁ።

"ለዚች ብለሽ ቄስ ልትጠሪ! የሚበላው ማን ነው? አንቺ አትብዪ። ያቺ ጸሐፊ ምኑንም አታውቅ። ነርሷ እንደሆነች ጴንጤ ናት፤ ለእሷ ደግሞ ርኩስ ምኗ ነው?"

ይህን ያሉት እየሳቁ ነው። ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ እርዱን እየጨመሩ ያማስላሉ። ቅቤው መንቸክቸክ ሲጀምር ቤቱን ያ የታወቀ ሽታ ሞላው። አስቀያሚ ሽታ ቢሆን ደግ ነበር፤ ግን ደስ ይላል። ሆዴ ተርቦ ሲጮህ ሰማሁት፤ በገዛ ሆዴ አፈርሁ።

ለምን ዝም እንዳልሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ባሌን ያሳደጉ ናቸው፤ ቤታቸው ነው፤ እንግድነት ሄጄ ነው። ይህን ሁሉ መደርደር እችላለሁ። እውነቱ ግን ፈራኋቸው።

እሑድ ጸሐፊዋና ነርሷ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል። ነርሷ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ "ቲቸር፣ ሽታው ከመናኸሪያ ድረስ ነው የጠራኝ" አለችኝ። መሶቡ ገና ሳይከፈት ያልጠበቅናቸው ሰው ገቡ፤ የእትዬ የነፍስ አባት። በሠፈሩ ሲያልፉ ዝናብ ይዟቸው ነው። እትዬን አየኋቸው። አሁንስ ይደነግጣሉ፣ አንድ ነገር ፈጥረው ሌላ ወጥ ያቀርባሉ አልሁ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። "አባ፣ እግዜር አመጣዎ፤ ይባርኩልን" አሉ።

አባ ባረኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸው ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። "አየ! ይህስ ወጥ ነው" አሉ። ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ ወጡ ሆነ። ጸሐፊዋ ፎቶ ታነሳለች፤ "ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ነው ያቁላሉት አይደል? ቅቤው መቼ ነው የገባ?" እያለች ትጠይቃለች። እትዬ ይመልሳሉ። ነርሷ እንቁላሉን ለሁለት ከፍላ በመረቁ እያጠቀሰች "ልጄ ይህን ወዶታል፤ ረገጠኝ" ብላ ሆዷን ያዘች። አባ ጢማቸው ላይ የተንጠባጠበውን ቀይ ቅባት በእጃቸው ጠረጉት። እኔ ያንን ቅባት እያየሁ እንጀራውን በደረቁ እቆርሳለሁ።

እትዬ አዩኝ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው በሰው ፊት እጃቸውን ዘረጉ። "ሙሽሪት፣ አንቺ ምነው አትበዪም? እንኪ!"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እትዬ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አፌን ከፈትሁ። ቅባቱ በአገጬ ወረደ። አላምጬ ዋጥሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ዶሮ ወጥ በልቼ አላውቅም። ይህን ስጽፍ እንኳ ምላሴን በጨርቅ ብጠርገው እወዳለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ስንነሳ እትዬ ለነርሷ ክዳን ያላት ትንሽ ባልዲ ሞልተው ቅቤ ሰጧት። "ስትወልጂ ለገንፎሽ" አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እናቷን ያገኘች ነው የምትመስለው።

ሚኒባሱ ውስጥ ጸሐፊዋ ከፊት ተቀመጠች፤ ነርሷና እኔ ከኋላ ሆንን። ባልዲዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛታለች። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ክዳኗን ትደግፋለች። ጉንደ ወይን ልንደርስ ስንል ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

"ያን ቅቤ እንዳትበይው" አልኋት።

"ለምን?"

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኋት። ጅራቱን፣ የተነፋውን ሆድ፣ ቢጫውን ውኃ፤ አንድም አላስቀረሁ። እየነገርሁ ሳለ ፊቷ አመድ መሰለ። "አውርዱኝ" ብላ ጮኸች። ሾፌሩ ጉንደ ወይን መግቢያ ላይ አቆመ። ወርዳ ከመንገዱ ዳር፣ ጭቃው ላይ፣ በጉልበቷ ሆና አስመለሳት። ትናንት የበላችው ይቅርና ሐሞቷ እስኪወጣ። ጀርባዋን ልደግፍ እጄን ስዘረጋ ገፋችኝ።

"አትንኪኝ።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ። ላንቺ ብዬ ነው የነገርሁሽ።"

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "እኔ ነርስ ነኝ፤ እሳት ላይ የፈላ ቅቤ እንደማይገለኝ አውቃለሁ። የሚያስጠላኝ አይጡ አይደለም። አንቺ እያየሽኝ መብላቴ ነው። ልጄ ረገጠኝ ስል ሰምተሻል፤ ፈገግ ብለሽልኛል።"

ጸሐፊዋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "ምን ሆነች?" አለች። "እርግዝናው ነው" አለች ነርሷ፤ ባልዲዋን ቦዩ ውስጥ ደፍታ ተመልሳ ገባች። እስከ ቢቸና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ጸሐፊዋ ፎቶዎቹን ለጠፈች። "የእትዬ ዶሮ! ጣቴን ልበላ ነበር" ብላለች። ከሥሩ ሴቶቹ ይጎመጃሉ፤ የቅቤውን አነጣጠር ይጠይቃሉ። አንዷ "እኔም ይህን ቅቤ እፈልጋለሁ፤ የሚሄድ ሰው ልላክልዎት?" አለች። ያን ጊዜ ያየሁትን ጻፍሁ። በአራት መስመር፣ ሳልሳደብ።

ከዚያ የእትዬ ድምፅ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ ያዘነ። "ሙሽሪት ከእጄ ጎርሳለች። ሁሉም አይቷል፤ አባም አይተዋል። አይጥ አይታ የምትጎርስ ሴት ታውቃላችሁ?"

ይህን የሚመልስ ቃል አማርኛ ውስጥ የለም። ሴቶቹ አመኗቸው። ጸሐፊዋ "ቅናት ክፉ ነው" ብላ ጻፈች። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነው። ነርሷ አይታ ዝም አለች። ልትመሰክርልኝ ትችል ነበር፤ ግን እሷም ያየችው የለም፤ የሰማችው ከኔው ነው። እኔ ራሴ ከግሩፑ ወጣሁ።

ባሌ ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ። "ሰው ፊት እትዬን ታዋርጃለሽ?" አለ። ቆየት ብሎ ሳህኑን እያየ "ስንት ዓመት በላሁት" አለና እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አላወራንም። ሞጣ ሲሄድ ብቻውን ይሄዳል፤ ምን እንደሚበላ አልጠይቀውም።

ማንም አልታመመም። አባም ደኅና ናቸው አሉ። እኔ ለራሴ የነፍስ አባት ተናገርሁ፤ ስግደት አዘዙኝ። ሰገድሁ። ወገቤ ታመመ እንጂ አፌ ውስጥ ያለው ነገር አልለቀቀም። ቅቤ ሲነጠር ከሸተተኝ የሰው ቤት ይሁን የራሴ ጎረቤት ዞሬ ነው የምሄደው። የምፈራው ሽታው ደስ እንዳይለኝ ነው፤ ደስ ይለኛልና።

መስከረም ላይ ነርሷ ወንድ ልጅ ወለደች። አልጠራችኝም። ሁለት ቀን ካመነታሁ በኋላ የገብስ ዱቄት ይዤ ሄድሁ። እናቷ ከደቡብ መጥተው ገንፎ እያገነፉ ነበር። ዱቄቱን ተቀበሉኝ፤ ቋንቋ ባንግባባም ሳቁልኝና ሳህን ሞልተው ሰጡኝ። መሃሉ ላይ ቅቤው ያበራል። ማንኪያውን አነሳሁ። መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥሁት። እንደገና ሞከርሁ።

ነርሷ አልጋዋ ላይ ሆና ልጇን እያጠባች ታየኛለች።

"ተይው" አለችኝ በመጨረሻ፤ "ግድ የለም፣ አትብዪ።" ወደ እናቷ ዞራ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው። እናቷ ሳህኑን ከእጄ ወሰዱና በምትኩ ልጁን አስታቀፉኝ።