የጋሽ ደምሴ ወረቀቶችና የእናቴ ዝተት

ባለፈው ክረምት የቤቴ ጣሪያ አፍስሶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አጣጥፌ ያስቀመጥኩትን የእናቴን ዝተት አበሰበሰው። ዝተት መንዝ ውስጥ ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም የመኝታ ልብስ ነው፤ ሲርስ ሽታው በጉ ራሱ ከነነፍሱ ቤት የገባ ያስመስላል። በረንዳው ላይ ሳሰጣው ልጄ አፍንጫዋን ይዛ "እዚህ ቤት ምን ሞተ?" አለች። እኔ ግን ሽታው ይዞኝ ሄዶ ነበር፤ ለአንድ ጋዜጣ ላደርስ የጀመርኩትን ጽሑፍ እንደተገለጠ ትቼ፣ ጉም በሩን አልፎ እስከ ምድጃው ድረስ ወደሚገባበት ወደ ልጅነቴ ቤት ተመለስኩ።

ያደግሁት ከቀየት የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ከተማ የምላት አንድ ረድፍ የቆርቆሮና የሣር ቤት፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ወፍጮና የቅዳሜ ገበያ ስለነበራት ነው። ከእኛ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚገናኘው የጋሽ ደምሴ ሱቅ ነበር፤ ጭቃው የተቦረቦረበት ቦታ ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ ጨው ሲፈልጡ ይሰማኛል፣ አፍንጫዬን ስለጥፍ ደግሞ ላምባና የልብስ ሳሙና ይሸተኛል። አሮጌ ደብተር ላመጣ ልጅ ከረሜላ ይሰጡ ነበር፤ ስኳርና በርበሬ የሚጠቀልሉት በእሱ ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ የሰው ሁሉ ስኳር በአንዳችን የቤት ሥራ ተጠቅልሎ ይሄድ ነበር፤ የእኔ ደካማ የእጅ ጽሕፈት እስከ ራቤል ገበያ እንደ ደረሰ አውቃለሁ።

ጋሽ ደምሴ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፣ ማንም ደግሞ የማያውቀው የለም። የሚያስታውቅባቸው ቅዳሜ ነው። እኛም ቅዳሜን አናርስባትም፤ ገበያ ግን እንወጣለን፣ እሳቸው ግን ከተማው በሙሉ በሰውና በበግ በተጥለቀለቀበት፣ ሌላው ነጋዴ የሳምንቱን በሚሸጥበት በዚያው ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ይተኛሉ። የተጠየቁ እንደሆነ "ወገቤን አሞኝ ነው" ይላሉ። እሑድ ጠዋት ወገባቸው ይድናል። ሰፈሩ "የቅዳሜ ወገብ" ብሎ ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም ሰምተው ይስቁ ነበር።

ሳቁ የቆመው ታናሽ ወንድሜ የሞተ ጊዜ ነው። ሕፃኑ የሞተው በሳል ነው፤ እናቴ ሌት ተቀን ታቅፋው ስለነበር ከማንም በላይ ታውቃለች። መንግሥት ተለውጦ የቀበሌው ሊቀ መንበር የሆነው አቶ ግዛቸው ግን ስብሰባ ላይ ተነስቶ ልጁን ቡዳ በላው፣ ቡዳውም በአንድ ግድግዳ የሚለያት ጎረቤቷ ነው አለ። ይህን ያለው ሱቁን ስለፈለገው መሆኑን ዛሬ በማስረጃ መናገር እችላለሁ፤ ኋላ የወንድሙ መጠጥ ቤት ሆኗልና። እናቴ ከስብሰባው ስትመለስ አላለቀሰችም። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እሳቱን እያየች "የልጄን ስም አፉ ውስጥ ከተተው" አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግዛቸውን በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ "ያ አፍ" ነበር የምትለው።

ጋሽ ደምሴ ሲታመሙ የሚጠይቃቸው ጠፋ። እናቴ አጥሚት እያፈላች በጓሮ ትሄድ ነበር፤ እኔም እከተላታለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እኔ ስለሆንኩ ወረቀቶቻቸውን ያስረከቡት ለእኔ ነው። ኢየሩሳሌም የገባችው ልጃቸው ወርቄ የጻፈችላቸው ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎቿ፣ አባታቸው በእጃቸው የገለበጡት የግዕዝ ጸሎት፣ እንዲሁም የዘመዶቻቸው መቃብር በየትኛው ተረተር፣ ከየትኛው ድንጋይ ግርጌ እንደሆነ የሚናገር በራሳቸው እጅ የተጻፈ ወረቀት። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስለማይቀበሩ ሌላ ምልክት አልነበራቸውም።

"እነዚህን ለወርቄ አድርሱልኝ" አሉ። "ሱቁን ቢወስዱት ይውሰዱት። እናቴ የት እንዳለች ግን ትወቅ።"

በሞቱ በሳምንቱ አቶ ግዛቸው ወራሽ የላቸውም ብሎ ሱቁን በቀበሌው ስም አሸገ። ልጅ እንዳላቸው ማንም ያውቃል፣ በጽሑፍ ግን የሚገኘው ከእነዚያ ደብዳቤዎች ብቻ ነው። ግዛቸው ደብዳቤዎቹ ሱቁ ውስጥ ያሉ መስሎት ነበርና የቡዳው ድግምት በአደባባይ ይቃጠል ተባለ። ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ታጣቂዎቹ ከሱቁ ውስጥ ወረቀት የሞላ አንድ ትልቅ ካርቶን በእንጨት አንጠልጥለው አወጡ፤ የቡዳ ጽሕፈት ያየ ዓይኑ ይጠፋል ስለሚባል ሁሉም ፊታቸውን አዙረው ነበር፣ ግዛቸው ራሱ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰው ሰውዬ፣ ክብሪቱን የጫረው ወደ ሰማይ እያየ ነው። ነፋሱ አንድ ቅጠል ነጥቆ እግሬ ሥር ጣለው። የሒሳብ ደብተር ነበር። አብራኝ የምትማረው የግዛቸው ልጅ ደብተር ነበር፣ በቀይ እስክርቢቶ ትልቅ ዜሮ ተደርጎበት። ለከረሜላ የሸጠችው መጠቅለያ ነው የሚነድደው። ልጮህ አፌን ስከፍት እናቴ ወረቀቱን በእግሯ ረገጠችው።

"ዝም በይ" አለችኝ። "ብርድ ነው፣ ይሙቁት።"

እውነተኞቹ ወረቀቶች በዚያን ጊዜ የእናቴ ዝተት ውስጥ ነበሩ። ሁለት ዝተት ደርባ፣ በመካከላቸው ወረቀቶቹን በጨርቅ ጠቅልላ እየዘረጋች፣ ዙሪያውን ከጋሽ ደምሴ ሱቅ በገዛችው ጥቁር ክር ሰፍታው ነበር። ስትሰፋ እኔ እያንዳንዱን ደብዳቤ አነብላት ነበር፤ እሷም "አንቺ ሆይ፣ ይቺ ልጅ እንዴት ትናፍቃለች" እያለች ትወጋለች። ወርቄ በአንዱ ደብዳቤዋ የአባቷን የወገብ ሕመም ጠይቃ፣ እዚህ አገር ቅዳሜ የሰው ሁሉ ወገብ ያመዋል ብላ ጽፋ ነበር። እናቴ መርፌዋን አስቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ከጊዜ በኋላ አንድ መምህራችን ጠላ ቤት ተቀምጦ የተቃጠለው የተማሪ ደብተር መሆኑን ተናግሮ ሳቀ። በማግስቱ ግዛቸው ከአንድ ታጣቂ ጋር ቤታችን መጣ። የገብሱን ጎታ በዘንግ ወጋ፣ ከጣሪያችን ላይ የጓሳውን ሣር ሳይቀር ፈነቀለ። እናቴ ሳትረበሽ ጠላ ቀዳች። እንግዳ፣ ጠላትም ቢሆን፣ ባዶ መደብ ላይ ማስቀመጥ በእኛ አገር ነውር ነው፤ ለእንግዳ የሚነጠፈው ደግሞ የቤቱ ምርጥ ዝተት ነው። እሷም እኔን ጠርታ በአንድ ጫፍ አስያዘችኝና ያንን ከባድ ዝተት አንስተን መደቡ ላይ ዘረጋነው።

"አረፍ በል እንጂ፣ ደክሞሃል" አለችው።

ተቀመጠ። ከሥሩ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ።

"የገብስ ገለባ ነው፣ ከሥሩ ጎዝጉዤበታለሁ። ለወገብ ይሞቃል፤ አንተንስ ያምህ የለ?"

ታጣቂው ሳቁን በጠላው ዋጠው። ግዛቸው ትንሽ ተመቻችቶ፣ ወዲያና ወዲህ ብሎ፣ ዋንጫውን ጨረሰና ሄደ። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ፣ ምናልባትም ጥርጣሬው ስላልለቀቀው፣ ብቅ ይል ነበር፤ እናቴም በየጊዜው ያንኑ ዝተት እያነጠፈች ታስቀምጠው ነበር። ከወጣ በኋላ ዝተቱን ደጃፍ ላይ አውጥታ ስታራግፈው ፊቷ ላይ የማየው ደስታ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ እንኳ አይቼው የማላውቀው ዓይነት ነው።

ወርቄ የመጣችው እኔ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። እናቴ ስፌቱን በምላጭ እየተረተረች ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ብል የነካው አንድም አልነበረም። ቀበሌው የሱቁ ጉዳይ ጊዜው አልፏል አላት፤ እሷም አልተከራከረችም፣ የአባቷን ጽሑፍ ይዛ ወደ ተረተሩ ወጣች፣ ድንጋዩንም አገኘችው። የሴት አያቷ መቃብር ላይ ስትቀመጥ እናቴ በርቀት ቆማ ነጠላዋን አደግድጋ ነበር።

እናቴ በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ።

"ለዚያ አፍ ንገሪው። ሳይሞት ንገሪው፤ ከሞተ በኋላ ብትነግሪው ለእኔ ምን ይረባኛል?"

የንስሐ አባቷ ይቅር እንድትል ቢለምኗት "ይቅር ብዬዋለሁ አባቴ፣ ግን ይወቀው" አለቻቸው።

ከአርባዋ በኋላ ሄድኩ። አቶ ግዛቸው የተከበሩ ሽማግሌ ሆነው፣ ጋቢ ለብሰው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። በሥራ ልማዴ መጀመሪያ ጠየቅኋቸው፤ ጋሽ ደምሴን ያውቋቸው ነበር?

"ደምሴ? እንዴታ፣ ወንድሜ ነበር" አሉ። "ምስኪን፣ ዘመድ እንኳ አልነበረው። አንድም ወረቀት ሳይተው ነው የሞተ።"

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። የተቃጠለው የማን ደብተር እንደሆነ፣ ዜሮው ሳይቀር፣ ነገርኳቸው። ወረቀቶቹ የት እንደነበሩና ዛሬ በማን እጅ እንዳሉ ነገርኳቸው። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም።

"የትኛው ዝተት?" አሉ በመጨረሻ።

"እርስዎ የሚቀመጡበት። ዳር ዳሩ በጥቁር ክር የተሰፋው።"

በከዘራቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። ከዚያም ያ ሰውዬ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጎንበስ ብለው መቀመጫቸውን በእጃቸው ያራግፉ ጀመር፤ ደግመው ደጋግመው፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ የቡዳ ጽሕፈት የነካ ልብሳቸውን ያራግፉ ነበር። ደህና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ። አውቶቡሱ ደብረ ብርሃን እስኪገባ ድረስ ያ እጅ ሲያራግፍ እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እናቴ ብታየው ብዬ ሳስብ ነው ሳቄ የተቋረጠው።

ዛሬ በዚያ ግድግዳ በኩል የሚሰማ የጨው መፍለጫ ድምፅ የለም። ግድግዳውም የለም። ስኳሩ በላስቲክ ይሸጣል፣ ቅዳሜ ሱቅ የሚዘጋ ሰው አይገኝም፣ ለምን እንደሚዘጋ የሚጠይቅም የለም። ያን ቀን ሲመሽ በረንዳው ላይ ያሰጣሁት ዝተት ደርቆ ስለነበር ላነሳው ሄድኩ፤ በልጅነቴ እኔና እናቴ ጫፍና ጫፍ ይዘን እያቃሰትን የምናነጥፈውን ልብስ በአንድ እጄ አነሳሁት። ያኔ የሚከብደን የበጉ ፀጉር ይመስለኝ ነበር።