የሉሉ ሆድ የተነፋ ዕለት

ልጅ ሳለሁ «ድምፅህ እንዳይሰማ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ካርቱም፣ ካላክላ ውስጥ፣ ግድግዳው በጭቃ በተሠራ አንድ ክፍል ውስጥ ቀኑን ብቻዬን እውል ነበር። እናቴ ሪያድ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ቤት ውስጥ ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ አልነበረኝም። ያኔ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሰው ከመንገድ እያፈሰ የሚጭንበት ከሻ የሚባል ነገር ነበረና፣ እናቴ ተመልሳ ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኝ ነበር። «እንዳትከፍት። ድምፅህ እንዳይሰማ።»

አልከፈትኩም። ድምፄም አልተሰማም።

ሰፈሩን የማውቀው በጆሮዬ ነበር። የውኃ ሻጩ አህያ ስትመጣ፣ ሰውዬው በርሜሉን በዱላ ሲደበድብ፣ ከግድግዳው ወዲያ ልጆች ኳስ ሲራገጡ እሰማለሁ። አንድ ቀን ኳሱ ግንቡን ዘሎ ግቢያችን ገባ። ትንሽ አቅፌው ቆየሁና መልሼ ወረወርኩት። ወዲያ ማዶ ሩጫው ቆመ። ከዚያ አንዱ በዐረብኛ «ጂን ነው!» ብሎ ጮኸና እየተሳሳቁ ሮጡ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን አፌን ይዤ ነው።

የማታው ሰው አባባ መኩሪያ ነበሩ። ከጎናችን ያለውን ክፍል የተከራዩ፣ ቀን ቀን ማንሺያ በሚባል ሰፈር የአንድ ሀብታም ቤት በር የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ጎጃም ውስጥ እስኪሸብቱ ድረስ አርሰው ከዚያ ነው የተሰደዱት፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ፀሐይ ስትጠልቅ መጥተው እግራቸውን ይታጠቡና የከሰሉን ምድጃ ደጃፋቸው ላይ ያቀጣጥላሉ። መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋ ነበር፣ ፋኖሱን ሚስማር ላይ ይሰቅሉና ሻዩ እስኪፈላ ተረት ይነግሩኛል። «ተረት ተረት» ብለው አይጀምሩም። «ቀበሮ አንድ ቀን» ይላሉ፣ ልክ ቀበሮን ዛሬ መንገድ ላይ እንዳገኙት። የከሰሉ ጭስ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር፤ በጭሱ መካከል ስለ እንባዬ ማንም ስለማይጠይቀኝ እወደው ነበር።

ሉሉ የመጣችው በአንድ ዓርብ ነው። ነጭ ጥንቸል ነች፤ ስሟን የሰጧት እናቴ የምትሠራበት ቤት ልጆች ናቸው። እንደ አዲስ አሻንጉሊት ተጫውተውባት ሰለቸቻቸውና ማዳሟ «ውሰጃት» አለቻት። እናቴ በዘንቢል ይዛት መጣች።

«ብቻህን ስለምትውል ነው» አለችኝ። ስለ ብቻዬ መዋል የተናገረችው ያኔ ብቻ ነው።

አባባ መኩሪያ አዩዋትና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «በስመ አብ! ይቺን ከየት አመጣሻት? ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም። ርኩስ ናት እኮ።»

«አንበላትም፣ አባባ። ለልጁ ጓደኛ ትሁነው ብዬ ነው።»

«ጓደኛ!» አሉ። «በይ እሺ። እኔን ግን እንዳትነካኝ።»

ሉሉ ዚሩ ሥር ገባች። ዚር ውኃ የሚቀዘቅዝበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ከሥሩ እየተንጠባጠበ መሬቱን ያረጥበዋል፤ በዚያ ሙቀት ከእርሱ ሥር የተሻለ ቦታ ግቢው ውስጥ አልነበረም። ቀኑን እዚያ ሆና አፍንጫዋን ታንቀሳቅሳለች። እኔም አጠገቧ እተኛለሁ። አታወራም፣ እኔም አላወራም። ምግቧ ብርሲም ነበር፤ መንገድ ዳር ለአህያና ለፍየል በእስር የሚሸጥ አረንጓዴ ሣር ነው። እናቴ «ጥላ ውስጥ አድርቀህ ስጣት፤ እርጥቡ ይነፋታል» ብላኛለች። እስሩን ከሥራ ሲመለሱ የሚያመጡልኝ እሳቸው፣ አባባ መኩሪያ ነበሩ። ርኩስ ናት ይላሉ፣ ምግቧን ግን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ።

«ድርቆሽ፣ ድርቆሽ፣ ድርቆሽ!» ይሉኛል። «እስረኛ እንኳ ወጥ ይሰጠዋል!»

ያ ቀን ረቡዕ ነበር። አባባ መኩሪያ ረቡዕ ይጾማሉ፤ ማክሰኞ ማታ የተረፋቸው ፉል፣ የተቀቀለው ባቄላ ማለቴ ነው፣ ጠዋት አይበላም፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቆይም። እኔ ሳልነቃ ከዳቦ ጋር በቆርቆሮ ክዳን አድርገው ዚሩ ሥር አስቀምጠውላት ሄዱ። ስነቃ ክዳኑ ተልሶ ያበራ ነበር።

ረፋድ ላይ ሉሉ ብርሲሙን አልነካችም። እኩለ ቀን ላይ እንደ ድንጋይ ተኮማትራ ተቀመጠች። ሁልጊዜ ከሥሯ የምጠርገው ደረቅ ፍግ ዛሬ የለም። ጆሮዬን ወደ እርሷ አስጠጋሁ። ጥርሷን ታፋጫለች፤ ቀጭን ድምፅ ነው፣ አሸዋ በጣት እንደማሸት ያለ። አትጮህም። ሆዷን ስነካት ሸሸች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ተኮማተረች።

የምነግረው ሰው አልነበረም። በሩ እዚያ ነው፣ ከበሩ ወዲያ ሰው ይተላለፋል፤ አንዲት ሴት ከሌላዋ ጋር እየሳቀች ስታልፍ ሰማኋት። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ረጅም ቀን አይቻለሁ፤ ያንን የሚያህል ግን አላየሁም። ዚሩ ይንጠባጠባል፣ እርሷ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ጥላው አይሄድም።

አባባ መኩሪያ ሲመጡ ገና በሩን ሳይዘጉ «አባባ፣ ልትሞት ነው» አልኳቸው።

ብርሲሙን ጥለው ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ተነፍታለች» አሉ። ክዳኑን አዩ፤ እኔን ግን አላዩኝም። «በሬ እኮ በባቄላ ነው የሚሰባው» አሉ ለራሳቸው። «የሚያመሰኳ ሁሉ...»

ከዚያ ገበሬነታቸው መጣባቸው። በሬ ሲነፋ አፉ ላይ እንጨት እንደ ልጓም ይታሰርለታል፤ እያኘከ እንዲያገሳ። ዘይት ይጠጣል። ዳገት ይነዳል። ካላክላ ዳገት የለም፤ ስለዚህ ስንጥር ፈለጉ፤ የዘይቱን ጠርሙስ አወጡ። ሉሉ አፍንጫዋን እያንቀሳቀሰች ታያቸዋለች። ስንጥሩን ማሾል ጀመሩ።

«አባባ፣ እማዬ ጋ ይደውሉልኝ።»

ቀና አሉ። በሥራ ሰዓት አይደወልም። ማዳሟ ስልክ ካየች ትቆጣለች፤ አንድ ቀን እናቴን ልታባርራት ነበር። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ደውሉልኝ ብዬ አላውቅም፤ ትኩሳት ይዞኝ ብቻዬን የዋልኩ ቀን እንኳ አላልኩም።

«ታባርራታለች እኮ።»

«ይደውሉልኝ።»

ደወሉ። እኔም እንድሰማ ስልኩን በመካከላችን ያዙት። እናቴ በሹክሹክታ አነሳች፤ ከኋላዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል። «ምን ሆነ? ልጄ ምን ሆነ?»

«ልጁ ደህና ነው። ይቺ ጥንቸል ተነፍታ ነው። ዘይት ላጠጣት...»

«ዘይት እንዳያጠጧት!» ሹክሹክታው ጩኸት ሆነ። «አፏንም እንዳይነኩባት! ጥንቸል አታገሳም አባባ፤ የገባው ነፋስ በላይ አይወጣም። እዚህም ልጆቹ ብስኩት አብልተዋት እንዲህ ሆና ነበር፤ ሐኪሙ ሲመጣ ይዤለት የነበርኩት እኔ ነኝ። ምን በልታ ነው?»

አባባ መኩሪያ የቆርቆሮ ክዳኑን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

«ምን በልታ ነው?»

«ፉል» አሉ አባባ መኩሪያ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ትንሽ ፉል። በዳቦ።»

«የጌታ ያለህ!» አለች። ከዚያ ለእኔ ተናገረች። «ልጄ፣ ሆዷን በቀስታ ንካው። እንደ ከበሮ ተወጥሯል ወይስ ይላላል?»

ነካሁ። «ይላላል። ውስጡ ይንቦጫቦጫል።»

«ተመስገን። ከበሮ ቢሆን አትንኳት፣ ወደ ሐኪም ሩጡ እል ነበር። አባባ፣ መድኃኒት ቤት ሄደው ሆዱን ለሚቆርጠው ሕፃን የሚሰጠውን የነፋስ ጠብታ ይግዙ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ፣ በጉንጯ በኩል፣ ጥቂት በጥቂት። ከዚያ ሆዷን እሽላት፤ ከጎድኗ ወደ ጭራዋ፣ በመዳፍህ፣ ሳትጫን። ደግሞ ልቀቃት ትሂድ። ደግሞ እሽላት። ድርቆሽና ውኃ ከፊቷ አይጥፋ። እስከ ነገ ካልበላች...» የሆነ ሰው ጠራት። «መጣሁ፣ ማዳም!» አለች በዐረብኛ፤ ከዚያ በፍጥነት፣ «አንተስ?»

«ደህና ነኝ» አልኩ።

ስልኩ ተዘጋ።

አባባ መኩሪያ ጠብታውን ይዘው ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ነበር። ባለመድኃኒቱ «ሕፃኗ ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቋቸዋል። በጾም ቀን መዋሸት አልፈለጉም። «ዕድሜዋን አላውቅም፤ ጆሮዋ ግን ረጅም ነው» ብለውታል። ሰውዬው እስኪያነባ ስቆ ስሪንጁን እንዲያው ሰጣቸው።

ያን ምሽት መብራት አልነበረም። ሉሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ማሸት ጀመርኩ። ፈርቼ ስለነበር እጄ ይፈጥናል። አባባ መኩሪያ ከምድጃው ወዲያ፣ እንዳትነካቸው ራቅ ብለው ተቀምጠው፣ «ቀስ! ቀስ!» ይሉኛል። አልቀነስኩም። ያኔ ነው ተረቱን የጀመሩት፤ አሁን ሳስበው ለእኔ ሳይሆን ለእጄ ነበር የተረቱት። አረፍተ ነገሩን ረጅም አድርገው ይጀምሩታል፣ እጄም ከእርሱ ጋር ይወርዳል፤ ያርፋሉ፣ እጄም ያርፋል።

ጥንቸል ድሮ ድምፅ ነበራት፣ አሉ። ከወፍ ሁሉ የሚበልጥ ድምፅ። ግን እሾህ ሲወጋት በጮኸች ቁጥር ቀበሮ ድምፁን ተከትሎ ይመጣና ከልጆቿ አንዱን ይወስድባታል። ስለዚህ ወደ ቆቅ ሄደች። ቆቅ ያኔ ዲዳ ነበረች። «ልጆቼ እስኪያድጉ ድምፄን አስቀምጪልኝ» አለቻት፤ ሰጠቻትም። ከዚያ በኋላ ቀበሮው ቤቷን አላገኘውም። ልጆቿ አደጉ። ጥንቸል ድምፅዋን ልትቀበል ወደ ቆቅ ሄዳ ፊቷ ቆመች። «ምን ፈለግሽ?» አለቻት ቆቅ። ጥንቸል መናገር አልቻለችም። አፍንጫዋን አንቀሳቀሰች። «ምን ፈለግሽ? ተናገሪ እንጂ!» አለቻት። ጥንቸል አፍንጫዋን አንቀሳቀሰች። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ።

ሉሉን አየኋት። በፋኖሱ ብርሃን አፍንጫዋ ይንቀሳቀሳል።

«ለምን አስቀድማ አልተናገረችም?» አልኳቸው።

አባባ መኩሪያ ከሰሉን በስንጥሩ ቆሰቆሱት፤ ለሉሉ አፍ ባሾሉት ስንጥር። «ዝም ብሎ የኖረ» አሉ፣ «መጠየቂያውም ይጠፋዋል።»

ስለቃት ትንሽ ትሄዳለች፣ ትኮማተራለች፤ መልሼ አነሳታለሁ። እጄ ዛለ። ክንዴ ከትከሻዬ ጀምሮ ከዳኝ፤ ቆምኩ። ሉሉ ጥርሷን አፋጨች። አባባ መኩሪያ ያንን ድምፅ ሰሙት። የነጠላቸውን ጫፍ መዳፋቸው ላይ ጠቀለሉ፤ «ይቅር በለኝ» አሉ፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ እና እጃቸውን ዘረጉ። በሬ ያረሰ ትልቅ እጅ ነው። ከጎድኗ ወደ ጭራዋ፣ እንደተባልነው። ቆይተው ነጠላው ከመዳፋቸው ተፈታ። መልሰው አልጠቀለሉትም። እኔ እዚያው ምድጃው አጠገብ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጎህ ሲቀድ በእግራቸው ነቀነቁኝ። «ተነስ! ተነስ፣ እይ!» ዚሩ ሥር ጥቂት ፍግ ተበትኗል፤ እንደ ሽንብራ ነው፣ አንዳንዱ ያነሰ። ሉሉ ደግሞ አንገቷን አጥፋ ከገዛ ሥሯ ለስላሳ ነገር በአፏ ተቀብላ ታኝካለች። ጥንቸል እንዲህ እንደምታደርግ፣ ያኛው ለስላሳው ምግቧ እንደሆነ፣ ስታደርገው ደግሞ ሆዷ ሠራ ማለት እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት። አባባ መኩሪያ ግን ያኔውኑ ገብቷቸው ነበር። የበላችውን መልሳ ታኝካለች።

«አመሰኳች!» አሉ እጃቸውን እያጨበጨቡ። «አላልኩህም? መጽሐፍ አይዋሽም! መንገዱ ብቻ ነው የተለየው!»

ከዚያ ወደ ዚሩ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። ብዙ ታጠቡ። ሲጨርሱ አንድ ጭብጥ ድርቆሽ አንስተው ፊቷ አስቀመጡላት።

ዓርብ እናቴ መጣች። ማዳሟ ተቆጥታ እንደሆነ አልነገረችኝም። ሉሉን አገላብጣ አየቻት፣ ከዚያ እኔን ምንጣፉ ላይ አስተኛችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። ሸሚዜን ገልጣ መዳፏን ሆዴ ላይ አደረገች፤ ከጎድኔ ወደ ታች፣ ሳትጫን። መዳፏ የሳሙና ሽታ ነበረው። ስለ ቆቅ አሰብኩ።

«ቀኑ ይረዝማል» አልኳት።

እጇ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ስትሄድ የአባባ መኩሪያን አሮጌ ስልክ አሠርታ ተወችልኝ፤ ከሚቀጥለው ቀን ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላው በማይሄድበት ሰዓት፣ ስልኩ ይጮሃል። ሹክሹክታ ነው። የሳህን ድምፅ አለው። «ሉሉ በላች? ፍግ አለ? ጥርሷን ታፋጫለች?» ሁልጊዜ ስለ ሉሉ ነው የምትጠይቀኝ። እኔም ስለ ሉሉ እመልሳለሁ።

ካርቱምን ከለቀቅን ቆየ። አባባ መኩሪያ የት እንዳሉ አላውቅም። ሉሉ ያንን በጋ አልፋለች፣ ሌላም በጋ፤ ስለ መጨረሻዋ ግን አልጽፍም። ብዙ የሰማሁት ተረት ጠፍቶብኛል፤ ያ ቀርቷል፤ ስንጥሩ፣ ፋኖሱ፣ የተፈታው ነጠላ። ካደግኩ በኋላም ተናጋሪ አልሆንኩም። አብረውኝ የሚሠሩት ያውቁታል። አብራኝ የምትኖረው ሴት ስተኛ ጥርሴን እንደማፋጭ ነግራኛለች።

እናቴ ዛሬ ባህር ዳር ነች፣ እኔ ሌላ ከተማ ነው የምሠራው። እሁድ እሁድ ትደውላለች። «እንዴት ነህ?» ትለኛለች። «ደህና ነኝ» እላታለሁ። ከዚያ ዝም ትላለች። እኔም ዝም እላለሁ። ስልኩን ግን አትዘጋውም።