ለነቀምቴ ያልተመደበችው የጥርስ ሐኪም

ከነቀምቴ የወጣሁት በነሐሴ ዝናብ ነው። ዋዜማው ምሽት ቤታችን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጎረቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ ከዲጋ የመጡት የእናቴ ዘመዶች፣ ሁሉም እርጥብ ጋቢያቸውን ደጃፍ ላይ እያራገፉ ገብተው ግድግዳ ተጠግተው ተቀምጠዋል። ተዘመረ፣ ተጸለየ። ከዚያ አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«እስቲ ንገሪኝ ጃለኔ፣ ባሕር ማዶ ድረስ ሄደሽ የምትማሪው ጥርስ መንቀል ነው አሉ፣ እውነት ነው?» አለ።

«ነቀላው አንዱ ክፍል ነው» አልኩት።

«ስድስት ዓመት! የጉቴ ገበያው ነቃይ እኮ በአንድ ክረምት ተምሮት ወጥቷል። ያውም ቆሞ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግን አልሳቀም። አባቴ ያልሳቀበትን ምክንያት የማያውቅ አልነበረምና ሳቁም ቶሎ ሞተ። አዳዳ፣ የአባቴ እኅት፣ የሞተችው በጥርስ ነው። መንጋጋዋ አብጦ፣ እብጠቱ ወደ አንገቷ ወርዶ፣ መተንፈስ ሲያቅታት ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ጫንናት፤ ሲሬ ላይ ተሳፋሪው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እሷ አልወረደችም። በመላው ወለጋ አንድ የጥርስ ሐኪም አልነበረም። ያኔ እኔ ገና ፊደል ከቆጠርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እኩዮቼ ሲዳሩ እኔ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ እቀመጥ ነበር፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ስር አልገባ እያለ። የመንግሥት ዕድል አግኝቼ ምን ልትማሪ ትወጃለሽ ስባል መልሴን ሳላስብ የሰጠሁት ለዚህ ነው። ተምሬ ነቀምቴ ልመለስ፣ እዚያው ልሠራ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ሳቁ ከሞተ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሰዉ ተራ በተራ እየተጠጋ አፉን ይከፍትልኝ ጀመር! «ገና አልተማርኩም» ብል ማን ይስማኝ። እናቴ ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። የዲጋዋ አሮጊት፣ «ባታውቂም እዪልኝ፣ ስትማሪ ታስታውሺዋለሽ» አሉኝ። አየሁላቸው። እንዲያ ዓይነት አፍ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ጎሕ ሲቀድ አባቴ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ፤ የቋጠርኩትን ጩኮ፣ በቅቤ የታሸውን በሶ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠና፣ «ነጋን ገሊ» ብሎኝ ዞረ። በደህና ግቢ ማለቱ ነው፤ ለሚሄድ ሳይሆን ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው የሚባል ቃል። ሲሬ ስንደርስ ከአውቶቡሱ አልወረድኩም።

አውሮፕላኑ አሥመራና አቴንስ አርፎ ፍራንክፈርት ጣለኝ፤ ከዚያ በባቡር ሃኖቨር። እንግዲህ እናንተ ከኋላዬ የምትመጡ፣ ስለ ብርዱ ሌላው ይንገራችሁ፤ እኔ ስለ ረሃቡ ልንገራችሁ። በጥጋብ አገር ተርቤያለሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ «ብላ» ሲባል «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ሲደገም «ኧረ በቃኝ» ይላል፤ ሲሠለስ እጁን ይታጠባል። ሳይሠልስ ማዕድ ያነሣ ቤት ስሙ በመንደሩ ይጠፋል። የቤቴ አከራይ ፍራው ክሩገር ግን የመጣሁ ቀን ኩኸን የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ በሳሕን ይዘው፣

«ትበያለሽ?» አሉኝ።

ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

«መልካም» አሉና ሳሕኑን ይዘው ሄዱ!

በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ይመለሳሉ ብዬ። ኮቴያቸው ደረጃውን ሲወርድ፣ ቁም ሣጥን ሲዘጋ ሰማሁ። ይህ ቀልድ ይመስላችኋል፤ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ክቫርክ የሚባል አይብ መሳይ አላቸው፤ ጭስ ያልነካው፣ ቅመም የማያውቅ፣ ግን ዓይኑን ሳይ አፌ ውኃ ይሞላል፤ «ትፈልጊያለሽ?» ሲሉኝ ምላሴ በገዛ ፈቃዱ «አይ» ይላል። በመጨረሻ ተማርኩ። አንድ ጊዜ ሲጠይቁ አንድ ጊዜ መመለስ። «አዎ፣ እፈልጋለሁ» ስል የመጀመሪያ ቀን ፊቴ በእፍረት ነደደ፤ ፍራው ክሩገር ግን ምንም አላሉ፤ ቆርሰው ሰጡኝ።

ክፉ ሴት አልነበሩም። ሕግ ወዳድ ናቸው። ቅቤዬን ቢያሸቱ መስኮት ይከፍታሉ፤ ገላ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ከእንግዳ ጋር ከተሳቅን በመጥረጊያ እንጨት ከታች ጣሪያቸውን ይመታሉ። አንድ ቀን አፌን ትክ ብለው አይተው፣

«አገርሽ የጥርስ ሐኪም አለ?» አሉኝ።

«አዲስ አበባ ጥቂት አሉ።»

«ታዲያ ይህን የመሰለ ጥርስ ከየት አመጣችሁት?»

«ስኳር የለንማ።»

«ዕድለኞች» አሉ በሙሉ ልባቸው። ስለ አዳዳ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ቋንቋዬ ያን ያህል አልደረሰም። ሲደርስም አልነገርኳቸው።

ተመረቅሁ። በተመረቅን ዓመት ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አንድ ባለሥልጣን መጥተው በየከተማው የተበተንነውን የኢትዮጵያ ተማሪዎች ቦን ላይ ሰበሰቡን። ደግ ፊት፣ ቀስ ያለ አነጋገር ያላቸው ሰው ናቸው። ለሐኪም ተመራቂ መንግሥት የከፈተው በር ብዙ ነው አሉ፤ የሚኒስቴሩ ሆስፒታሎች አሉ፣ ጦር ሠራዊት አለ፣ ክቡር ዘበኛ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ማዘጋጃ ቤት አለ፣ ትምህርቱን ለሚገፋም ማስተማር አለ። አጠቃላይ ሕክምና የተማሩት እየተነሡ መረጡ። የእኔ ተራ ደረሰ።

«ወይዘሪት፣ አንቺስ?»

የተማርኩትን ተማርኩ አይደል! «ነቀምቴ» አልኳቸው። ሳልግደረደር፣ ባንድ ቃል።

ቀና ብለው አዩኝ። «ከመቼ ወዲህ ነው ልጄ፣ ሥራ ፈላጊ ቦታውን በጣቱ የሚጠቁመው?»

«ሲጠይቁኝ ጊዜ ነው ጌታዬ።»

«ሆነ። ለጥርስ ሕክምና ግን ወንበር ያስፈልጋል፤ ያ የሚንጋለለው፣ መብራትና መሰርሰሪያ ያለው። ነቀምቴ ወንበሩ የለም።»

«ወንበሩ ቢላክስ?»

«ወንበር የሚላከው ሐኪም ወዳለበት ነው።»

«እኔ ልሂድላችሁና ሐኪም ይኑር።»

«ሐኪም የሚመደበው ወንበር ወዳለበት ነው።»

አጠገቤ የተቀመጠው ሳቁን በመሐረብ አፈነ። እኔ አልሳቅሁም። ቆሜ ቀረሁ። ባለሥልጣኑም ትንሽ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በዚህ ዓመት ለጠቅላይ ግዛት የሚሄድ አንድ ወንበር እንዳለ ነገሩኝ። «ነገር ግን ሴት ነሽ፤ ለብቸኛ ሴት የሚሆን የመንግሥት ቤት እዚያ የለንም። ወላጆችሽ ዘንድ ትቀመጫለሽ። የሆስፒታሉ ሐኪም አባትሽን ይጠይቃቸው፤ እንፈልጋታለን፣ ቤታችን እናኖራታለን ካሉ፣ ወንበሩን ወደዚያ አስልካለሁ።»

እንዴት ያለ ደስታ እንደያዘኝ! አባቴ ይጠየቃል፤ አባቴ ይፈልገኛል፤ አለቀ። በባቡሩ መስኮት የማየው ድንች ማሳ ሁሉ የወለጋ በቆሎ መሰለኝ። ለፍራው ክሩገር ክፍሉን እለቃለሁ አልኳቸው። ሌላ ተከራይ ከመፈለጋቸው በፊት ምደባዬ መጣ፦ ምሥራቅ፣ ሐረር፣ ጦር ሠራዊት። ወንበሩም ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሄዷል።

ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም። ይግባኝ ብዬ ጻፍኩ፤ መልስ አላገኘሁም። መልሱ እስኪመጣ ብዬ አንድ ሽማግሌ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ረዳት ሆኜ ገባሁ። ሐረር መሥራት ውርደት ሆኖብኝ አይደለም፤ ወታደርም ጥርሱን ያመዋል። ግን በሐረር በኩል ነቀምቴ አይደረስም፤ ጦሩ የያዘውን ሐኪም አይለቅም። የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ አውስላንደርአምት፣ የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት፣ ስሄድ ሹሙ፣

«አገርሽ ሐኪም አያስፈልጋትም?» አለኝ።

«ያስፈልጋታል። ወንበር ነው የሌላት።»

«እኛ ደግሞ ወንበሩ ሞልቶ ሐኪም ነው ያጣነው» አለና ማኅተሙን መታ። የእኔ ዕድሜ ልክ በዚያ ማኅተም ስር ሲደፈጠጥ ሰማሁት።

ነገሩን ያወቅሁት ኋላ ነው። ኦቦ ቶለራ፣ ነቀምቴ ሆስፒታል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ የነበረው፣ ለአጭር ትምህርት ወደ ጀርመን መጥቶ ክፍሌ ድረስ ሊጠይቀኝ መጣ። እስኪጠግብ ሦስቴ ለምኜ አበላሁት፤ ሁለታችንም በዚያ ደስ አለን። ከዚያ አቀርቅሮ፣

«ያን ቀን ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ» አለኝ።

«የቱን ቀን?»

«አባትሽ የተጠሩ ቀን። ዶክተሩ እንደምታውቂው የውጭ ሰው ነው። ኦቦ ዲንሳ ያን የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ዶክተሩ፣ ልጅዎ እዚህ ብትመደብ ይፈልጋሉ ወይ፣ ቤትዎ ትቀመጣለች ወይ አላቸው።»

«ምን አሉት?»

«ምን ይላሉ? 'እኔ ማን ነኝና! ልጅቷን ያስተማራት መንግሥት ነው፤ የመንግሥት ናት፤ ወደ ወደደበት ይላካት' አሉ። ተረጎምኩ። ዶክተሩ ጻፈ።»

«አልደገመም?»

«ሌላ በሽተኛ ነበረው።»

«አባቴስ?»

«አባትሽማ ቆሙ። ቆቡን በእጃቸው ይዘው፣ እስኪደግምላቸው ይጠብቃሉ። ዶክተሩ ቀና አለና፣ 'እኝህ ሰው ለምን አይሄዱም?' አለኝ።»

«ምን አልከው ኦቦ ቶለራ?»

«'ሰላምታ ሊሰጡዎ ነው' አልኩት። ተነሥቶ ጨበጣቸው። ወጡ።»

«ቃሉን ስትተረጉም ልባቸውን ለምን አልነገርከውም?»

«አንቺ ደግሞ! እኔ ድሬሰር ነኝ። የኦቦ ዲንሳን ልብ ተርጉም ብሎ ማን ቀጠረኝ?» አለ፤ ግን ዓይኑን አላነሣም። ቆይቶ ደግሞ፣ «ጓዳውን አስለስነውልሽ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ሳይጠየቁ በፊት። መስኮቱን መስተዋት አስገብተውበታል» አለኝ።

ያን ሌሊት ፍራው ክሩገር ጣሪያቸውን አልመቱም።

ለአባቴ በማግስቱ በቶለራ ወንድም በኩል መልእክት ላክሁ፤ በቀጠሮ ቀን ነቀምቴ ቴሌ እንዲጠብቀኝ። አባቴ በስልክ ሲነጋገር የመጀመሪያው ነው። እኔ ፖስታ ቤቱ ሣጥን መሳይ ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ። መስመሩ ከአዲስ አበባ ሲተላለፍ ነፋስ እንደሚነፍስበት ቆርቆሮ ይጮኻል። ከዚያ አባቴ መጣ። በአማርኛ!

«ጤና ይስጥልኝ» አለኝ። «እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን።»

ዕድሜዬን ሙሉ አባቴ በኦሮምኛ እንጂ በሌላ ቋንቋ አናግሮኝ አያውቅም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ሹሙ አጠገቡ ስላለ፣ የኋላ ተሰላፊው ስለሚሰማ ነው። ከአፉ የሚወጣው እንደ አቤቱታ የተስተካከለ ነበር።

«አባ፣ ልምጣ?» አልኩት በኦሮምኛ።

«የመንግሥት ሥራ እንዴት ነው? አለቆችሽ ደኅና ናቸው?»

«አባ፣ ልምጣ ወይ?»

«እዚያው ደኅና ነሽ። ለእኛ ብለሽ አትቸገሪ።»

ቴሌፎን አገናኟ «ጊዜዎ እያለቀ ነው» አለች። የሱን እስትንፋስ እሰማለሁ፤ ከጀርባው አንድ ሰው ሲያስል እሰማለሁ። «አባ፣ ትፈልገኛለህ? ልምጣልህ?»

ነፋሱ ብቻ። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ፣ አፉን ወደ መነጋገሪያው አስጠግቶ ይመስለኛል፣

«ኮቱ» አለኝ። ነይ።

መስመሩ ተቆረጠ። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ መስተዋቱን አንኳክታ ሌላ ሰው እየጠበቀ እንደሆነ በእጇ አመለከተችኝ። ሐረር እንድገባ የተሰጠኝ ቀን ካለፈ ሰንብቷል፤ ነቀምቴም ወንበር የለም። ከሣጥኑ አልወጣሁም። ወደ ተለሰነው ጓዳ ነው ወይስ ወደ ሌለው ወንበር፣ እኔ ገና «ወዴት?» ብዬ አልጠየቅሁትም ነበር።