የአቶ ተሰማ የምስጋና ማስታወቂያ

መንበረ ተሰማ ቡታጅራ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምራ ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ወር አዲስ አበባ ልጇ ሐና ዘንድ ሄደች። ሐና እናቷ ልትጠይቃት የመጣች መስሏት ነበር። መንበረ ግን በየጠዋቱ ቤተ መጻሕፍት እየገባች የድሮ ጋዜጦች ታገላብጣለች። የምትፈልገው አባቷን ነበር።

አባቷ ተሰማ ንማኒ ሚስቱንና አንዲት ልጁን ጥያ አጠገብ ትቶ መርካቶ ይነግድ ነበር፤ የሚመጣው ለመስቀል ብቻ ነው። በ1967 ቀረ። ታስሯል ያለም፣ ሞቷል ያለም ነበር። እናቷ ሙሉመቤት ግን ጥቁር አልለበሰችም፣ ሌላ ባልም አላገባችም። የተሰማን እንሰት ብቻዋን ስትኮተኩት፣ ፍግ ስትሸከም ኖረች። በየመስቀሉ ለባሏ ለይታ ያስቀመጠችውን ሥጋ የባሏ ወንድም ፈቃደ መጥቶ ይበላዋል። ለከርሞ ይመጣል እያለ ያጽናናታል። እንደጠበቀች በ2008 ሞተች።

መንበረ ከ1967ቱ ጥራዝ ጀምራ የሐዘን ማስታወቂያዎችን ብቻ እያነበበች ወረደች። ስንት ተሰማ አለፈች፤ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ የሦስት ዓመት ሕፃን። በዘጠነኛው ቀን፣ የ1977 ጥራዝ ውስጥ፣ ክራባት ያሰረ ወፍራም ሰው አየች። ግንባሩ የራሷ ግንባር ነበር። አቶ ተሰማ ንማኒ፣ በንግድ ሥራ የተሰማሩ፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት። ቤተሰቡ በሐዘኑ ጊዜ ያልተለዩትን ሁሉ ያመሰግናል። ከሥር ስም ተደርድሯል፤ የማታውቃት ሚስት፣ የማታውቃቸው ሦስት ልጆች። የእናቷም የእሷም ስም የለም። መጨረሻው ላይ ግን፣ "ወንድማቸው አቶ ፈቃደ ንማኒ" ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የገጹን ቅጂ አስነሥታ፣ ጥራዙን መልሳ ወጣች።

ፈቃደ ያን ጊዜ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ቡታጅራ ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ቅጂውን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። አልካደም። ቀብሩ ላይ እንደነበረ፣ ወንድሙ ሌላ ትዳር መያዙንም ቀድሞ እንደሚያውቅ ነገራት።

"ታዲያ ለእናቴ ለምን አልነገሯትም፣ ጋሼ?"

"ብነግራት ወደ አባቷ ቤት ትመለስ ነበር" አለ። "እንሰቱን ማን ይይዘው ነበር፣ ልጄ?"

ከቀብሩ እስከ እናቷ ሞት ሠላሳ አንድ ዓመት። ከእንሰቱ በየዓመቱ ግማሹ ወደ ፈቃደ ቤት ይጫን እንደነበር መንበረ ታውቃለች፤ ያኔ ዝምድና ይመስላት ነበር። ቅጂውን አነሣችና ወጣች። ከዚያ በኋላ ደጁን አልረገጠችም።

በዓመቱ ፈቃደ ሞተ። ልጆቹ፣ የሆነውን ስለማያውቁ፣ አንቺ መምህርት ነሽ ብለው የሕይወት ታሪኩን እንድትጽፍላቸው ለመኗት። ጻፈችው። የተወለደበትን፣ ያገባበትን፣ የወለዳቸውን አንድም ሳታስቀር። አንድ ዓረፍተ ነገርም ጨመረች፦ "የወንድማቸውን የአቶ ተሰማን ሞት በ1977 ያወቁ ሲሆን፣ ለአቶ ተሰማ ባለቤት ለወይዘሮ ሙሉመቤት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልነገሯቸውም።"

በቀብሩ ዕለት የዕድሩ ጸሐፊ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ አነበበ። መንበረ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ጠበቀች። ያ ዓረፍተ ነገር አልተነበበም፤ ተሰርዟል። በቦታው፣ ደግና ለዘመድ አሳቢ እንደነበሩ ተጽፎ ነበር፤ የሰማም አለቀሰ።