ከዋንዛው ስር ላለው ቤት ውጡ

ሐይቅ ከተማ መሐል የነበረው ኮርቻ ተራ ወዴት ገባ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ መስታወት ለብሶ የቆመውን ባለ አምስት ፎቅ አሳየዋለሁ። ከሥሩ ነው። እኔ ትዕዛዙ፣ ልብስ ሰፊው፣ የስፌት መኪናዬን ዛሬም ከሕንፃው ጎን ዘርግቼ እሰፋለሁ። ጥበቃው ሲያሻው ያባርረኛል፤ በማግስቱ እመለሳለሁ። የተወለድኩበትን ቦታ ለቅቄ የት እሄዳለሁ?

ሰፈሩ ኮርቻ ተራ የተባለው ወደ ግሸን የሚወጣ መንገደኛ በቅሎ የሚያስጭንበት ስለነበር ነው። መጨረሻ የቀረው ኮርቻ ሰፊ እኩዬ ኑርሁሴን ነው። በቅሎ ጠፍቶ ኮርቻ የሚገዛ ሲታጣ ጫማ ወደ መጠገን ገባ፤ ሰው የሚያውቀው ግን በዚህም በዚያም አይደለም። ኑርሁሴን የቅሬያችን ለፋፊ ነበር። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። በእኛ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀብራል፣ አንድ ላይ ለቅሶ ይቀመጣል። ጥሩንባውን የሚነፋው አንድ ሰው ነው።

አለፋፈፉ የራሱ ወግ ነበረው። የሟችን ስም አይጠራም። «መርዶ በጩኸት አይነገርም፤ ስም ከጠራሁ ዘመዱ ገበያ መሐል ይወድቅብኛል» ይላል። የሚጠራው ቤቱን ነው፣ ቤቱንም በምልክቱ። «ከአረቡ ደረጃ በላይ ላለው ቤት ውጡ!» ሲል ሁሉም ያውቃል። አረቡ ነጋዴ ወደ አገሩ የተመለሰው እኛ ሳንወለድ ነው፤ ደረጃው ግን የአረቡ ነው። «ከአንካሳዋ በቅሎ ጉድጓድ አጠገብ» ሲልም እንደዚያው። ጉድጓዱን አያቶቻችን ደፍነውታል፤ እኛ ግን እንዳንገባበት ዞረን እናልፍ ነበር። የኮርቻ ተራን ታሪክ የጻፈ የለም። ሰው በሞተ ቁጥር ኑርሁሴን ይናገረዋል፣ በቃ።

የእሱ ቤት ከዋንዛው ስር ነበር። ሚስቱን ሀጀራን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ «የዋንዛዋ» እንላታለን እንጂ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። አንድያ ልጃቸው ዙሌይካ ጂዳ ናት። ኑርሁሴን ሁሌም አንድ ነገር ይለኝ ነበር፦ «ወላሂ፣ ይሄን ሰፈር ጠርቼ ያላስቀበርኩት የለም። እኔ ብቀድም ግድ የለኝም። የዋንዛዋ ከቀደመች ግን ኮርቻ ተራ ሙሉው ይውጣልኝ። ሌላ የምለምነው የለኝም።»

ከዚያ ልማት መጣ። መጀመሪያ የየቤታችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደረገበት። ዋንዛውን በአንድ ጠዋት ገነደሱት። የአረቡን ደረጃ ዶዘር ዛቀው። ገሚሱ ሰው ከመናኸሪያው ማዶ፣ ገሚሱ በአርዲቦ መንገድ፣ ገሚሱ ደሴ ልጁ ዘንድ ተበተነ። ምትክ ቦታ ያገኘ አገኘ፤ ምትክ ጎረቤት ግን ለማንም አልተሰጠም።

ኑርሁሴን ለጥቂት ጊዜ ጥሩንባውን ይዞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ተንከራተተ። «ከጉድጓዱ አጠገብ ላለው ቤት» ሲል አዲሶቹ ጎረቤቶች በመስኮት ብቅ ብለው «የምን ጉድጓድ?» ይላሉ። ኋላ ቅሬው ተሰብስቦ መልእክቱ በቴሌግራም ይሁን አለ። ጸሐፊያችን ካሊድ፣ «አብሽር፣ አባ ኑርሁሴን፣ ከእንግዲህ አይልፉ» አለው። ልጁ ክፉ አይደለም። ኑርሁሴን ግን ጥሩንባውን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ስር ከተተና ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ባለፈው ጥቅምት የዋንዛዋ ጎህ ሲቀድ ሞተች።

ደንባችን ግልጽ ነው፤ ሐዘንተኛ አይለፍፍም። ሐዘንተኛ ይቀመጣል፣ ሰው ይመጣለታል። ኑርሁሴን ከመናኸሪያው ማዶ በተከራያት ቤት በራፍ ላይ ተቀመጠ። ካሊድ መታወቂያዋን አይቶ፣ «ወይዘሮ ሀጀራ ይመር ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ ከዙህር ሰላት በኋላ ይፈጸማል» ብሎ ለቅሬው ላከ። መልሱ ወዲያው ጎረፈ አሉ። «ነፍስ ይማር»፣ «ኢና ሊላሂ»፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጋጠመ እጅ። ሰው ግን አልመጣም። ለምን ይመጣል? ሀጀራ ይመርን ማን ያውቃታል? የዋንዛዋ ሞተች ቢባል ኖሮ ሚዛኑን ጥሎ፣ ሱቁን ዘግቶ የማይወጣ አልነበረም። ለእኔማ ያም አልደረሰኝ፤ ስልኬ ባለ ቁልፍ ናት፣ ቴሌግራም አታውቅም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ኑርሁሴን ተነስቶ ጥሩንባውን ከአልጋ ስር አወጣ። አከራይቱ «ኧረ ደንብ አይደለም፣ ይቀመጡ!» ብትለው አልሰማትም።

እኔ ሱሪ እያጠፍኩ ነበር ድምፁን የሰማሁት። ቀና ስል ከሕንፃው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ዋንዛው በነበረበት፣ አሁን ባጃጆች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ።

«ያ ጀመዓ! የኮርቻ ተራ ሰው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዋንዛው ስር ላለው ቤት ውጡ!»

እጄ መርፌው ላይ ቀረ። ያ ቤት የማን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ እዚያ አልነበረም። ካፌው በረንዳ ላይ የተቀመጡት ስልካቸውን አውጥተው ይቀርፁት ጀመር። ባለ ባጃጆቹ «የቱ ዋንዛ?» ተባባሉ። ጥበቃው መጥቶ፣ «አባባ፣ እዚህ ማስተዋወቅ ክልክል ነው» አለው። ማስተዋወቅ! ዕቃ የሚሸጥ መስሎታል። ያን ቀን ለጥበቃው ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ኑርሁሴን ደግሞ ጠራ። መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ። እሱ ሲለፍፍ በር ሲከፈት ማየት ነው የለመደው።

ክንዱን ይዤ መለስኩት። አልዋሽም፣ ቀባሪ አልጠፋም። ለዙህር መስጊድ የነበረው ሁሉ የቀብር ሰላት ሰገደባት፣ ጀናዛዋን እየተቀባበለ ተሸከመ። ደጋግ ሰዎች ናቸው። ግን አንዱም አያውቃትም። አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ሟች ማን ናቸው?» አለኝ። «የዋንዛዋ» አልኩት። አንገቱን ነቅንቆ አለፈ።

የኮርቻ ተራ ሰዎች በሳምንቱ፣ ወሬው ሲደርሳቸው እያለቀሱ መጡ። «ምነው ሳትነግረን!» ብለው ተቆጡት። እሱን!

ሲወጡ ኑርሁሴን ጥሩንባውን ከነጨርቁ እጄ ላይ አኖረው።

«ትዕዛዙ፣ ስሞት ለራሴ አልለፍፍ» አለኝ።

«ኧረ ኑሬ፣ እኔ መቼ መንፋት እችልበታለሁ?»

«ቤቱን የምታውቀው አንተ ነህ።»

ሰሞኑን ሳል ጀምሮታል። ትናንት ሰው እንዳያየኝ ወደ ሕንፃው ጀርባ ዞሬ ጥሩንባውን ሞከርኩት። ትንፋሼ ወጣ እንጂ ድምፅ አልወጣም።