ሃያ ሦስተኛው መስመር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሲፈን ላፕቶፗን ይዛ መጣችና በረንዳ ላይ ተቀመጠች። እዚሁ ነቀምት ታስተምራለች። ዘንድሮ ደግሞ የተማሪዎቹን የጠዋትና የከሰዓት ፈረቃ የመደልደል ሥራ ተጥሎባታል። አንጮቴ ቀቅዬ አቀረብኩላት፣ አልነካችውም። ብዙ ከቆየች በኋላ "አኮ፣ ላብድ ነው" አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔ ከሸዋ የመጡ ሰዎች ልጅ ብሆንም ከልጅ ልጆቼ አንዳቸውም በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ ከኪራሙ በኩል ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ልጅ ዘግይቶ ተመዘገበ። ሲፈን ስሙን በኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ ላይ በፊደል ተራው መሀል አስገባችው። ከዚያ ወዲህ ከእሱ በታች ያሉት ልጆች ፈረቃ ሁሉ ተዛባ፤ የጠዋቱ ልጅ ከሰዓት፣ የከሰዓቱ ጠዋት ሆነ። አስረጂኝ አልኳት፣ አስረዳችኝ። ተራ ቀመር አንድን ሴል፣ ማለትም የሠንጠረዡን አንድ ሳጥን፣ በቀጥታ ሲጠቅስ፣ መሀል ላይ ረድፍ ቢጨመርም ሴሉን ተከትሎ ይሄዳል። እሷ የሠራችበት ግን በተዘዋዋሪ የሚጠቅስ ነው። አድራሻው እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ተጽፎ ይቀመጣል፣ ቀመሩ እሱን ያነብና ወደተባለው ቦታ ሄዶ ያገኘውን ያመጣል። ልጆቹ አንድ ረድፍ ሲወርዱ የተጻፈው አድራሻ ባለበት ቀረ።

"አሮጌው ዝርዝር በእጅሽ አለ?" አልኳት።

"አለ፣ አኮ።"

"እንግዲያስ ከእኔ ትሻያለሽ።"

ሳቀች። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመች አሮጊት ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች ብላ ይሆናል። እኔ ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆምኩት በዚሁ ስህተት ነው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛን ጨርሼ የደብተርና የዩኒፎርም መግዣ ስለቸገረን፣ አንድ ዓመት ሠርቼ ልመለስ ብዬ ርእሰ መምህሩን ለመንኳቸው። አንድ ዓመት እንጠብቅሻለን፣ በነሐሴ ምዝገባ ራስሽ በአካል ካልቀረብሽ ግን ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን አሉኝ። ከዚያ በኪራሙ በኩል ወደሚሠራ የመንገድ ሥራ ካምፕ ገባሁ።

ካምፑ በአንድ ወገን ጫካ፣ በሌላው ገደል ነበር። በበጋ ክፉ አልነበረም፤ ገበሬዎቹ ማር ያመጡልን ነበር። ግንቦት ሲገባ ግን ጉሙ ወርዶ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ይተኛል፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ልብስ አይደርቅም፣ በየቀኑ የበቆሎ ቂጣና ጎመን ነው። የሠራነውን ጥርጊያ ጎርፉ መልሶ ይወስደዋል። መንገድ የምንሠራ ሰዎች የምንወጣበት መንገድ አልነበረንም። ወንዞቹ ከሞሉ ደግሞ በእግሩ የሚሞክር የለም።

በየሁለት ሳምንቱ አንድ የጭነት መኪና ስድስት ሰው ለእረፍት ወደ ነቀምት ይወስድ ነበር። የሰኔው መጨረሻ ከሄደ ግን እስከ መስከረም ማለቂያ ሌላ የለም። ስለዚህ ሁሉም በዚያ መኪና መሄድ ይፈልጋል። የካምፑ ኃላፊ ኦቦ ዋቅጅራ ቀጭን፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ጴንጤ ነበሩ። የየቡድኑ አለቆች ለዘመዶቻቸው ተራ እንዳይሰጡ ብለው የራሳቸውን ዘዴ አወጡ። የሠራተኛው ሁሉ ስም በትልቁ መዝገብ ላይ በተቆጠሩ መስመሮች ተጽፏል፣ መዝገቡ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። እሳቸው የመስመር ቁጥር ብቻ ዕጣ አውጥተው በወረቀት ጽፈው መጋዘኑ በር ላይ ይለጥፋሉ። መዝገቡ ተከፍቶ ስም የሚነበበው መኪናው ሥር ነው። "ስም ያየ ሰው የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል፤ ቁጥር ዘመድ የለውም" ይሉ ነበር።

እኔ ይህን ዘዴ እወደው ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ፍትሕ ያለ አይመስለኝም ነበር። ችግሩ መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ መስመሬን አውቀዋለሁ። የመጨረሻው መኪና ዕጣ ሲለጠፍ አምስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሰባት፣ ሃያ ሦስት፣ ሠላሳ አንድ፣ አርባ ይላል። ሃያ ሦስት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ግን ማታ ማታ ቦርሳዬን እየከፈትኩ እዘጋ ነበር።

ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይመኙሻል የምትባል፣ ከወሎ ሰፋሪዎች መንደር የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ውሃ ቀጂ ሆና ገብታ ነበር። ወር ሙሉ ስትሠራ መዝገብ ላይ አልገባችም ነበር። ዕጣው በተለጠፈ ሰሞን ኦቦ ዋቅጅራን ያዝኳቸው። "ጅራቱ ላይ ጻፊያት" አሉኝ። እምቢ አልኩ። ምግብ የሚታደለው መዝገቡ ላይ ባለው የሥራ ክፍል ተራ ነው፤ ጅራት ላይ የተጻፈ ሰው የድስቱ ቂጥ ፍቅፋቂ ነው የሚደርሰው። ከውሃ ቀጂዎቹ ጋር፣ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ መግባት አለባት አልኩ። ተከራከርኩ፣ ድርቅ አልኩ፣ በመጨረሻ ፈቀዱልኝ። እሑድን ሙሉ ቁጭ ብዬ መዝገቡን በአዲስ ደብተር ገለበጥኩት። ሁለት መዝገብ ካለ ሰው ይሳሳታል ብለው አሮጌውን እንዳቃጥለው አዘዙኝ። በእጄ ቀዳድጄ ከጎመኑ ድስት ሥር ማገድኩት። መጋዘኑ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም፣ እኔም።

መኪናው የመጣ ቀን ጠዋት ያካፋ ነበር። ቦርሳዬን ነጠላዬ ሥር ይዤ ከፊት ቆምኩ። ኦቦ ዋቅጅራ አምስትን ጠሩ፣ ዘጠኝን ጠሩ፣ ሁለቱም ተሳፈሩ። አሥራ ሰባት ሲሉ የወጣው ስም ጆሮዬን ትንሽ ቆረቆረኝ፣ ግን አለፍኩት።

"ሃያ ሦስት" አሉና ጣታቸው በገጹ ላይ ወረደ። "ለሊሴ።"

ለሊሴ ድንጋይ ተሸካሚ ነበረች፤ ሕፃን ልጇን ሲሬ ከተማ እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች። እንደ መብረር ብላ ወጣች። ሠላሳ አንድና አርባም ተጠርተው ተሳፈሩ።

"ይቆዩ ኦቦ" አልኩ። "ሃያ ሦስት እኔ ነኝ።"

ሾፌሩ ሳቀ። "ጸሐፊ አይደለች? መቶ ቢጠሩም እኔ ነኝ ትላለች።" ሰዉም አብሮት ሳቀ።

ኦቦ ዋቅጅራ አልሳቁም። "አስኑ፣ ሃያ ሦስት አንቺ መሆንሽን እንዴት አወቅሽ?"

መልስ ስሰጥ ራሴን እንደምከስ ያኔ ገባኝ። ማንም ቁጥሩን ማወቅ አልነበረበትም። ግን ተናገርኩ። ይመኙሻል አሥራ አራት ላይ ስትገባ ከእሷ በታች ያለው ሁሉ አንድ መስመር ወረደ፣ ወረቀቱ ግን ባለበት ነው፤ ከስድስቱ አራቱ ሰዎች ሌሎች ናቸው አልኳቸው። ጣታቸውን በገጹ ላይ አውርደው በልባቸው ሲቆጥሩ አየሁ። ፊታቸው ተለወጠ። አሮጌውን መዝገብ ጠየቁኝ። ማቃጠላችንን አስታወስኳቸው።

ለሊሴ የመኪናውን ብረት እንደያዘች ጎንበስ አለች። "አስኑ፣ ያንቺ ከሆነ ንገሪኝ። እወርዳለሁ።" አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እሷ በፈቃዷ ትወርዳለች" አሉ ኦቦ ዋቅጅራ ቀስ ብለው። "ግቢ።"

"ሌሎቹ ሦስቱስ?"

"እነሱን በአንቺ ትውስታ ብቻ አላወርድም። ደግሞም የጠየቀ የለም።"

"ያልጠየቁት ስለማያውቁ ነው። ሁሉም ይውረዱና ከላይ ጀምረን እናስተካክል። አለዚያ እሷም አትውረድ።"

የተሳፈሩት ፊታቸውን አዞሩ። ሾፌሩ ዝናቡን አይቶ ሞተሩን አስነሳ። ኦቦ ዋቅጅራ እንደ ልጃቸው እያዩኝ "ኢንታላ ኮ፣ ግቢ" አሉኝ አንድ ጊዜ ደግመው። የእኔ ልጅ ማለታቸው ነው። እኔ ግን አልገባሁም። መኪናው ለሊሴን ይዞ ሄደ፣ ጉሙ ዋጠው፣ ድምፁ ብቻ ከታች ሲያቃስት ቆየ።

ይመኙሻል እንስራዋን እንዳዘለች መጥታ "በእኔ ምክንያት ነው፣ እታለም?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። አላመነችኝም፤ ከመቀነቷ የሽንብራ ቆሎ ፈትታ እጄ ላይ ዘረገፈችልኝ።

ሦስት ወር ዘነበ። ቀኑ የድንኳኑን ሸራ እያዩ ማደርና መዋል ሆነ። ነሐሴ ሲገባ ነቀምት ላይ ማን እየተሰለፈ፣ ማን ቦታዬ ላይ ስሙ እየተጻፈ እንደሆነ አስብ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ የምዝገባ ቀናት ገደሉ አፋፍ ድረስ ሄጄ የሞላውን ወንዝ አይቼ ተመለስኩ። ከኦቦ ዋቅጅራ ጋር አዲስ ዘዴ አወጣን። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር ተሰጠው፣ ስሙ የትም መስመር ላይ ቢጻፍ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል፣ አዲስ የመጣ ሰው ቀጣዩን ቁጥር ይወስዳል። የዚያን ጊዜ ግን ለእኔ አልጠቀመኝም። ጥቅምት ላይ ነቀምት ስገባ ቦታዬ ተይዟል። በዓመቱ ተዳርኩ።

ሲፈን ይህን ሁሉ ሰምታ "ታዲያ ለምን አልገባሽም፣ አኮ? ሴትዮዋ እኮ እወርዳለሁ ብላሻለች" አለችኝ። ባለመግባቴ ተቆጭቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ይዘው ሲመጡና የማላውቀው ሲሆን ተቆጭቻለሁ። ከዚያ ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ትንሽ ነገር ነው። ያን እሑድ አዲሱን መዝገብ ይዤ እስከ መጋዘኑ በር ብሄድና ስድስቱን ቁጥር ከስም ጋር ባነብ ያበቃ ነበር። ሃያ እርምጃ አይሆንም።

ሲፈን ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን መለያ ቁጥር ሰጠች፣ ቀመሩም ረድፉን ሳይሆን ያንን ቁጥር ፈልጎ እንዲያገኝ አድርጋ ለወጠችው። ረድፍ በመጨመር ፈንታ የሠንጠረዡን ገጽ ስም ቀይራ ቢሆን ኖሮ የድሮው ቀመር ስህተት ብሎ ይነግራት እንደነበር አጫወተችኝ። እንዲህ የሚናገረውን ስህተት አልፈራውም። የሚያስፈራኝ የሌላ ሰው ስም ይዞ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀመጠው ነው። ስለዚህ አሮጌውን ዝርዝር እኔ ይዤ፣ አዲሱን እሷ ይዛ፣ ስም በስም አነበብን። ጉሮሮአችን ደረቀ።

ስንጨርስ ለአራት ቤተሰብ የተሳሳተ ፈረቃ አስቀድሞ እንደተነገራቸው አወቅን። አንዷ እናት ብቻ ናት ትምህርት ቤት መጥታ የጠየቀችው። ሲፈን ደክሟት ነበር። የእሷን ላስተካክል፣ ሦስቱ ምንም አላሉም፣ ለምደውት ይሆናል አለችኝ፤ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ስልኩን አንስቼ እጇ ላይ መለስኩላት።

"ካልጠየቁት ጀምሪ" አልኳት።

አየችኝ፣ ተነፈሰች፣ ደወለች።