ገመዱ የተነቀለበት ሰዓት

ኢልሳቤ ሮሎፍስ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከባሕሩ የሚለያት አንድ የአፈር ግድብ ብቻ በሆነች ግሮተርዚል በምትባል፣ በሰሜን ጀርመን ፍሪስያ ባለች ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት የክብር መዝገብ ስትጽፍ ኖራለች። ተወላጁም፣ ተጋቢውም፣ ሟቹም በእሷ እጅ አልፏል። ኮምፒውተር ሲመጣ አብሮት የመጣውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር ያነበበች እሷ ብቻ ስለነበረች፣ የኮምፒውተሩም ኃላፊ እሷው ሆነች። ደመወዝ አልተጨመረላትም፤ ሥራውን ግን ሳይሰስቱ ጨመሩላት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የከተማው መዝገብ ሁሉ የሚቀመጥበትን ሰርቨር በገዛ እጇ ተሸክማ የማዘጋጃ ቤቱ ቆጥ ላይ አወጣችው። ጎርፍ ቢመጣ እዚያ አይደርስም ብላ ነው። ጎረቤት ከተሞች ሁሉ መዝገባቸውን ለትልልቅ ኩባንያዎች አስረክበው በኪራይ ሲኖሩ፣ እሷ ክረምት ከበጋ ደረጃውን እየወጣች አቧራውን ትጠርግ ነበር። ሰው ሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቁልፉን ግን ለማንም አልሰጠችም።

ከንቲባው ኦኖ ቤረንድስ ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። «አንቺ ነገ ጡረታ ስትወጪ ያንን ሣጥን ማን ሊያውቀው ነው?» ይላታል በየጊዜው። ነገሩም እውነት ነበረው። እናም በመጪው ሐሙስ ምክር ቤቱ መዝገቡን ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ለማስረከብ ድምፅ ሊሰጥ ቀጠሮ ተያዘ። ኢልሳቤ ይህን በሰማች ማግስት ከከንቲባው ቢሮ ገብታ፣ ብሬመን ከተማ በሚደረገው የአውሮፓ ዲጂታል ሉዓላዊነት፣ መረጃን በራስ እጅ የመያዝ፣ አውደ ርዕይ ላይ ዳስ መያዟን ነገረችው። መጥተህ በዓይንህ እይ፣ እዚያ ያለውን ፈተና ካለፍኩ ቆጡን ተውልኝ፣ ከወደቅኩ ቁልፉን ራሴ አስረክብሃለሁ አለችው። ኦኖም እሺ አለ። ውርርድ የማይወድ ፍሪስያዊ እስካሁን አልተወለደም።

እነሆ የአውደ ርዕዩ ሁለተኛ ቀን ነው። ኢልሳቤ ሰርቨሩን ከቆጡ አውርዳ አምጥታ ዳሷ ውስጥ አቁማዋለች። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው አዳራሽ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ንብ ቀፎ ይተማል። ከሁሉም ማዕዘን የመጣ ሰው አለ፤ ዴንማርካውያን፣ ፈረንሳዮች፣ ኢስቶኒያውያን፣ አንገታቸው ላይ ስማቸውን ያንጠለጠሉ፣ አንዱ የሌላውን ዳስ እየነካካ የሚጠይቅ። ባለፉት ዓመታት እንዲህ ያለው ስብሰባ ላይ የሚመጣው ጢሙን ያሳደገና ከሰው ጋር መነጋገር የማይወድ ብቻ ነበር ይላሉ። ዘንድሮ ሚኒስትር የላከው ሁሉ ከረቫት አስሮ መጥቷል። ኢልሳቤ በሁለት ቀን ውስጥ በዕድሜዋ ካወራችው በላይ አወራች። አንድ የፊንላንድ ሰው ቆጡ ምን ያህል ይሞቃል ብሎ ሲጠይቃት ደስታዋ ፊቷ ላይ ታየ፤ ያንን ጥያቄ እስከዚያ ቀን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከቤቷ በቴርሞስ ያመጣችውን ሻይ፣ ከስኳር ድንጋዩና ከክሬሙ ጋር፣ ላገኘችው ሁሉ ቀዳች፤ በአገሯ ወግ ሻይ አይማሰልምና እንዳያማስሉትም ተቆጣቻቸው።

የዚህ አውደ ርዕይ ልማድ ታዲያ አንድ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚመጣውም ለእሱ ነው። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አዳራሹን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ገመድ ለአንድ ሰዓት ይነቀላል። ለውድድሩ የተመዘገበ ዳስ ሁሉ አስቀድሞ ቢጫ ሪባን ይታሰርለታል። ሰዓቱ እስኪያልቅ ዳኞቹ የሚያዙትን ሥራ ያለ ውጭ እርዳታ መሥራት አለበት። አንዴ ያቆመ ሪባኑ ይፈታል። «የራሴ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ገመዱ ሲነቀል ግን ያንተና የተከራየኸው ይለያያል።

ከኢልሳቤ ፊት ለፊት የዚያ የትልቁ ኩባንያ ዳስ ነበር፤ መዝገቡን ሊረከብ ያሰፈሰፈው። ዳስ ከማለት ቤተ መንግሥት ማለት ይቀላል። ሻጩ ቲሎ የሚባል፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ከንቲባውን ሦስት ጊዜ ቡና የጋበዘ ሰው ነው። ኦኖ ቡናውን ይዞ ወደ ኢልሳቤ ተሻገረና ቴርሞሷን አየት አደረገ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አላት።

«የሰው ወርቅም አያደምቅም አሉ» አለችው። «ቡናህን ጠጣ፣ አሁን ይነቀላል።»

ዋና ዳኛዋ ማርየታ ሊንድ የምትባል ረጅም ስዊድናዊት ነበረች። መድረክ ላይ ወጥታ ብርቱካንማውን ገመድ በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው። ወዲያው ከየአቅጣጫው ጉድ ይሰማ ጀመር። የአንዱ ማያ ጠቆረ። የሌላው ማያ በርቶ፣ በላዩ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ መዞር ብቻ ቀጠለች። የቲሎ ዳስ ከነመብራቱ፣ ከነካርታው፣ ከነድምፅ ማጉያው ቀጥ አለ። ከሁሉ የሚያስቀው የቡና ማሽኑ ነው፤ እሱም ለካ ቡና ከመቅዳቱ በፊት ባሕር ማዶ ያለ አለቃውን የሚያስፈቅድ ኖሮ እምቢ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኢልሳቤ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ልቧ እንደ ልጃገረድ ልብ ይዘል ነበር።

ማርየታ ሊንድ መጥታ ሥራዋን አዘዘቻት። ዛሬ ጠዋት የተወለደች ፌና የምትባል ሕፃን መዝግቢና የልደት የምስክር ወረቀት አትመሽ ስጪኝ አለችና ወደሚቀጥለው ዳስ አለፈች። ለኢልሳቤ ይህ በእንቅልፍ ልቧ የምትሠራው ነው። የሕፃኗን እናት ጻፈች፣ አባቷን ጻፈች፣ የተወለደችበትን ጻፈች፣ ማኅተም የሚለውን ነካች።

ማያው ላይ «የሰዓት ማረጋገጫ አልተገኘም። ማኅተም አይደረግም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ደግማ ነካችው። ያው ነው። የማሽኑን ሆድ ከፍታ ትፈልግ ጀመር፤ ብዙም አልቆየች፣ አገኘችው። ማሽኑ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ከውቅያኖስ ማዶ ያለ የባዕድ ኩባንያ ሰርቨር ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ስትተክለው ፋብሪካው እንደሰጣት ትታው ኖራለች። ደብዳቤውን፣ ካርታውን፣ የፊደሉን ቅርጽ ሳይቀር አንድ በአንድ ወደ ቆጡ አምጥታለች። ሰዓት ግን ከየት እንደሚመጣ ማን ይጠይቃል? ሰዓት ሰዓት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ኢልሳቤ እስከ ዛሬ ስታወራው ድምጿ ይቀየራል። ለማሽኑ ከተጻፈው ትእዛዝ አንድ መስመር ብትሰርዝ ማሽኑ ማረጋገጫ መጠየቁን ይተው ነበር። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ዳኛዋ ሦስት ዳስ ርቃለች። ኦኖ ከኋላዋ ቢቆምም ከማያው ላይ ምን እንደሚያይ አያውቅም። ማኅተሙ ይታተማል፣ ቆጡ የእሷ ይሆናል። ጣቷ የመሰረዣው ቁልፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ያንን መስመር የጻፈችው ግን እሷው ናት፤ ምክንያትም ነበራት። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች የመንታ ወንድማማቾችን የልደት ሰዓት አገላብጣ ጽፋ ነበር። እርሻውን የሚወርሰው ታላቁ ነውና፣ ነገሩ ካደጉ በኋላ ሲታወቅ ወንድማማቾቹ ተኳርፈው ቀሩ። አንደኛው ሲሞት ሌላው ቀብሩ ላይ አልቆመም። ሟቹንም መዝገብ ላይ ያሰፈረችው እሷ ናት። ሰዓቱ ሳይረጋገጥ ማኅተም እንዳይመታ ያዘዘችው ለዚህ ነው።

እጇን አነሳችና ዳኛዋን ጠራች።

«የኔ ቆሟል» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሰዓት የሚጠይቀው ከባሕር ማዶ ኖሯል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላወቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ማርየታ ሊንድ ሪባኑን ፈታችው። ቲሎ ከወዲያ ማዶ፣ እንግዲህ እኩል ሆንን ወይዘሮ ሮሎፍስ፣ ብሎ ሳቀ። ኦኖ ሁለቱን ተራ በተራ አየ። ኢልሳቤ ኪሷ ውስጥ ያለውን የቆጡን ቁልፍ በጣቷ ዳሰሰችው፤ መሬት ብትውጣት በወደደች።

ዳኛዋ ግን ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ሪባኑን እጇ ላይ እየጠቀለለች ወደ አዳራሹ ዞረች።

«ሪባን ያላችሁ ሁሉ» አለች ጮክ ብላ፣ «የእናንተስ ሰዓት ከየት ነው የሚመጣው?»

አሥራ ሁለት ዳስ ሪባን እንደታሰረለት ነበር። አሥራ ሁለቱም አጎንብሰው የየማሽናቸውን ሆድ ይበረብሩ ጀመር። መጀመሪያ ከቤልጂየሟ አንትወርፕ የመጣ አንድ ሰው፣ ፂሙ ሽበት የሆነ፣ ቀና አለና ከት ብሎ ሳቀ። የኛም ከዚያው ነው፣ ግን እንደ ሴትዮዋ ማሽን አጥብቆ ስለማይጠይቅ አልነቃንበትም አለ። የራሱን ሪባን ራሱ ፈታው። ቀጥሎ ዴንማርካውያኑ ፈቱ። ቀጥሎ ከሊዮን የመጡት ፈረንሳዮች። እየሳቁ፣ እየተሳደቡ፣ የራሳቸውን ግንባር እየመቱ ፈቱት። መጨረሻ ላይ ሪባኑ የቀረለት አንድ ኢስቶኒያዊ ብቻ ነበር፤ እሱም ኩራቱ ጠፍቶበት እንዴት እንዳለፈ ለማስረዳት ይቸገር ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ለማን እንደሚጨበጨብ ግን ማንም አልጠየቀም።

በዚህ መሀል ኢልሳቤ አንድ ነገር ትዝ አላት። በአገሩ ባለ ወጥ ቤት ሁሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ርካሽ ሰዓት፣ ፍራንክፈርት አጠገብ ካለ ማማ በራዲዮ ነው ሰዓቱን የሚቀበለው። የእሷም ወጥ ቤት ውስጥ አለ። የወጥ ቤቷ ሰዓት ከማሽኗ ይልቅ ሉዓላዊ ሆኖ ኖሯል! ከኋላ መደዳ እንዲህ ያለ መቀበያ የሚሸጥ ሽማግሌ ጠዋት አይታ ነበርና ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። ሽማግሌው በዕለቱ የመጀመሪያ ገበያው ስለሆነች ሂሳቡ ይቆይ አላት። ተመልሳ ስትሰካው የአንትወርፑ ሰው ሽቦውን ያዘላት። ማሽኑ ትንሽ አሰበ። ሰዓቱን አገኘ። የፈተናው ሰዓት ሊያልቅ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው የሕፃን ፌና የምስክር ወረቀት ከነማኅተሙ ወጣ፤ በዙሪያዋ የቆመው ሰው ሁሉ እውነተኛ ልጅ የተወለደ ይመስል እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ሪባኑ አልተመለሰላትም። ደንብ ደንብ ነው፤ እሷም አልጠየቀችም።

ገመዱ ተመልሶ ሲሰካ ኦኖ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቲሎ ነበር። ኢልሳቤ ወንበሯ ላይ ሆና ትሰማለች።

«የእናንተ ለምን ቆመ?» አለው።

«ጥያቄውን ለዋናው መሥሪያ ቤት ልከናል፣ ክቡር ከንቲባ» አለ ቲሎ በትሕትና። «መልሱ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንደደረሰን እናሳውቅዎታለን።»

ኦኖ ራሱን ነቀነቀና ስልኩን አወጣ። ወደ ኢልሳቤ ዳስ እየተመለሰ ለቢሮው ጸሐፊ ደወለላት።

«የሐሙሱን ሦስተኛ አጀንዳ፣ መዝገቡን የማስረከቡን፣ አውጪው» አላት። «በእሱ ፈንታ፣ ለመዝገብ ክፍሉ ሁለት ሰው መቅጠር ብለሽ ጻፊ። አዎ፣ ሁለት። የሚያስተምራቸው አለ።» ስልኩን ዘጋና ከኢልሳቤ ፊት ቆመ። «የሱ ቆመ፣ ያንቺም ቆመ» አላት። «ለምን እንደቆመ የሚያውቅ ሰው ያለው ግን እኛ ዘንድ ነው።»

ኢልሳቤ ከወንበሯ ተነሳች። የሕፃኗን የምስክር ወረቀት ማኅተሙ እንዳይረጥብ ጠረጴዛው ጥግ ድረስ አርቃ አስቀመጠችና አለቀሰች።